ጎማው ሰፋ፤ ቸርኬውስ ልኩ ነውን?

ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ሳይለካ፥ ቀለሙን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይከፍልም። ቢከፍልም ጫማው ወይ ይጠበዋል፤ ወይ ይሰፋዋል፤ መንገዱም ሳያልቅ እግሩ ይላጣል። ለእግሩ እንዲህ የሚጠነቀቀው ሰው ግን ለፒክአፕ መኪናው ጎማና ቸርኬ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ጎማው ሰፊ፥ ቸርኬውም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል።

ፒክአፕ ግን ለታይታ የሚነዳ መኪና አይደለም። ከኋላው እህልና ሲሚንቶ ይጫንበታል፤ ከፊቱ ሰው፥ ብዙ ጊዜም ቤተ ሰብ ይቀመጥበታል። ዛሬ በአስፋልት፥ ነገ በኮረኮንች፥ ከነገ ወዲያ ደግሞ በጭቃ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰውና ሸክም መሬት የሚረግጠው በአራት ጎማዎች ነው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ማግባት የሚፈልግ ባለመኪና አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲያውቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰፊ ጎማ የሚጠቅመው ለጭነቱና ለመንገዱ ተመርጦ፥ ለመኪናው ልክ በሆነ ቸርኬ ላይ ሲውል ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጌጥ መስሎ የገባው ዕቃ የአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጎማ ሲሰፋ ምን ይለወጣል?

ብዙ ሰው ጎማ በሰፋ ቍጥር መሬት የሚይዘው ቦታ በዚያው ልክ የሚበዛ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መኪናውን የሚሸከመው በይበልጥ በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው፤ ስለዚህ መሬት የሚነካው ክፍል ስፋት የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በሸክሙ ክብደትና በአየሩ ግፊት ነው። አንድ ጎማ 600 ኪሎ ቢሸከም፥ በውስጡ ያለውም አየር በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 2 ኪሎ ያህል የሚገፋ ቢሆን፥ መሬት የሚነካው ክፍል ወደ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም ከአንድ የተማሪ ደብተር ገጽ አይበልጥም። ጭነቱና አየሩ እንደ ነበሩ ሆነው ጎማው በሰፊ ቢለወጥ፥ የዚህ ገጽ መጠን ብዙ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀድሞ ረዘምና ጠበብ ያለ የነበረው አሁን አጠርና ሰፋ ይላል።

ይህ የቅርጽ ለውጥ ጥቅም አለው፤ ጉዳትም አለው። በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው ሲታጠፍ ሰፊው ጎማ ጠንክሮ ይይዛል። በአሸዋም ላይ አየሩ በመጠኑ ሲቀነስለት ሳይሰምጥ ከላይ ከላይ ይሄዳል፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን አየሩ ወዲያው ሊመለስለት ይገባል። በክረምት ዝናብ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ጎማ ከፊቱ ብዙ ውሃ ገፍቶ ማስወጣት አለበት፤ ፍጥነቱ በዝቶ፥ ጥርሱም አልቆ ውሃውን ማስወጣት ያቃተው እንደ ሆነ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪው ይቀላል፤ ፍሬኑም አይዝም። ከታች ጠንካራ መሬት ባለው ስስ ጭቃም ላይ ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ሲረግጥ፥ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል። በዚህ ላይ መሪው ይከብዳል፤ ነዳጁም ይጨምራል። እንግዲህ መኪናው በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ ባለቤቱ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሸክም በስፋት አይለካም

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ሰፊ ጎማ ሁሉ ብዙ ይሸከማል ብሎ ማመን ነው። የጎማ የመሸከም ኃይል የሚታወቀው በጎኑ ላይ ከልኩ ቀጥሎ በተጻፈው የሸክም ቍጥር ነው። ለምሳሌ 100 ቍጥር ማለት 800 ኪሎ፥ 106 ማለት 950 ኪሎ፥ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፥ 116 ማለት 1,250 ኪሎ ነው። ይህም ለአንድ ጎማ የተወሰነው የመጨረሻው ሸክም ነው። 106/104 ተብሎ ሁለት ቍጥር የተጻፈ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲገባ፥ ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ተጣምሮ ሲገባ ነው።

አሁን ሁለት ጎማዎች እናወዳድር። 195 አር 14 ሲ የተባለው የጭነት ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፥ 106 ቍጥር ያለው ከሆነ 950 ኪሎ ይሸከማል። 235/60 አር 16 የተባለው የቤት መኪና ጎማ ደግሞ በ40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ነገር ግን የሸክም ቍጥሩ 100 ከሆነ የሚችለው 800 ኪሎ ነው። ሰፊው ከጠባቡ በ150 ኪሎ አነሰ ማለት ነው። ምክንያቱም «ሲ» የተባለችው ፊደል ያለችበት ጎማ አካሉ ለሥራ ተጠናክሮ፥ ብዙ አየር እንዲችል ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ነው። በማየት ብቻ የገዛ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ጎማው ግሎ የፈነዳ ዕለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ጎማ የሸክም ቍጥሩ ፋብሪካው ለመኪናው ከወሰነው ሊያንስ ከቶ አይገባም። ፋብሪካው የወሰነው የጎማ ልክና የአየር መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ቁመቱም ይታሰብ

በጎማው ጎን 265/65 አር 17 ተብሎ ቢጻፍ፥ 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ መቶ እጅ 65 እጅ ነው ማለት ሲሆን፥ ይህም 172 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 17 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር 17 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። ሁሉ ተደምሮ የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ነው። ባለመኪናው ይህን አውጥቶ 285/70 አር 17 ቢያስገባ ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከመቶ 7 እጅ ጨመረ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛ፥ የፍጥነት መቍጠሪያው 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ ወደ 107 ይበራል፤ ሾፌሩም ሳያውቀው ከወሰኑ ያልፋል። ሁለተኛ፥ ጎማው በረዘመ መጠን ሞተሩ የሚገፋው ይከብደዋል፤ ተጭኖ ዳገት ላይ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ ይጎዳል። ሦስተኛ፥ ፍሬኑ የነበረው ሆኖ ሳለ የሚያቆመው ጎማ ስለ ተለቀ መኪናው ለመቆም ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ባለሙያዎች የአዲሱ ጎማ ቁመት ከቀድሞው ከመቶ 3 እጅ በላይ እንዳይለይ የሚመክሩት።

የቸርኬ አምስት ልኮች

ጎማው ከተመረጠ በኋላ ቸርኬው ይመጣል። ቸርኬ ሲገዛ መጠየቅ ያለባቸው ልኮች አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው የቡሎኖቹ ብዛትና የሚዞሩበት ክብ ነው። ባለ አራት ጎማ ጕልበቱ ቶዮታ ሃይሉክስ በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ 6 ቡሎን አለው። 79 ተብሎ የሚታወቀው የላንድክሩዘር ፒክአፕ ግን በ150 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ 5 ቡሎን ብቻ አለው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ይውጡ እንጂ የአንዱ ቸርኬ ለሌላው አይሆንም። አሜሪካ የሚሠራው ፎርድ ኤፍ 150 ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ 6 ቡሎን በ135 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አለው። ከሃይሉክስ ጋር ያለው ልዩነት 4.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቸርኬ በዳዶ አስጨንቆ ማግባት ቡሎን ማስበጠስ ነው።

ሁለተኛው የመካከሉ ቀዳዳ ነው። ሃይሉክስ፥ ፎርድ ሬንጀርና ሚትሱቢሺ ኤል 200 የቡሎናቸው ክብ አንድ ነው፤ የመካከል ቀዳዳቸው ግን ሃይሉክስ 106.1፥ ሬንጀር 93.1፥ ኤል 200 ደግሞ 67.1 ሚሊ ሜትር ነው። የኤል 200 ቸርኬ በሃይሉክስ ሞዞ ላይ ከቶ አይገባም። የሃይሉክሱ ቸርኬ ግን በኤል 200 ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከሞዞው በ39 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ በዙሪያው ክፍተት ይቀራል። የክፍተቱን ልክ የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው መካከሉን ሊስት፥ መሪውም በፍጥነት ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ሦስተኛው የቸርኬው ስፋት ነው። 265/65 አር 17 ጎማ ከ7.5 እስከ 9.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ እንዲገባ የተወሰነ ነው። ቸርኬው ከዚያ የጠበበ እንደ ሆነ ጎማው መካከሉ ቶሎ ያልቃል፤ ሲታጠፍም ይወዛወዛል። ከዚያ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ የጎማው ጎን ይወጠርና የቸርኬው ከንፈር ለድንጋይ ይጋለጣል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ይኸውም ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከቸርኬው መካከል ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ይህ ልክ በቸርኬው ላይ ኢ ቲ በሚሉ የላቲን ፊደሎች ይጻፋል። ኢ ቲ 30 ማለት መቀመጫው ከመካከሉ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሄዷል ማለት ነው። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ለምሳሌ 7.5 ኢንች ስፋትና ኢ ቲ 30 ያለው ቸርኬ ወጥቶ 9 ኢንች ስፋትና ኢ ቲ 0 ያለው ቢገባ፥ የውጭ ዳሩ በ49 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ ዳዶን በቀላሉ እንደሚፈታ ሁሉ፥ ወደ ውጭ የወጣ ጎማም ኩሽኔታውንና ቴስቲናውን በኃይል ይጫናል። መኪናው ደርበብ ብሎ ይታይ እንጂ ኩሽኔታው ቀኑ ሳይደርስ ይጮኻል፤ ጭቃና ጠጠሩም ከፓራፋንጎው አልፎ ይረጫል።

አምስተኛው የቸርኬው የራሱ የመሸከም ኃይል ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ላይ በኪሎ ወይም በፓውንድ ተቀርጾ ይገኛል። ያልተጻፈበት እንደ ሆነ ለጭነት መኪና ባይገዛ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ

ልኩ ሁሉ ቢገጥም እንኳ ሥራው ገና አላለቀም። ዳዶው የቸርኬውን ቀዳዳ ቅርጽ የሚመስል መሆን አለበት። ሾጣጣ ቀዳዳ ሾጣጣ ዳዶ፥ ጠፍጣፋ መቀመጫ ጠፍጣፋ ዳዶ ይፈልጋል። ያለ ቦታው የገባ ዳዶ ጠበቀ ቢባልም በመንገድ ይላላል። ጎሚስታው ዳዶዎቹን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየረ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ያጥብቅ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ።

ከዚያም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሮ ጎማው ፓራፋንጎውን፥ የፍሬን ቱቦውንና ሻሲውን አለመንካቱን ማየት ነው። ባዶ መኪና ግን አያታልል፤ ባሌስትራው በጭነት ሲወርድ ነው እውነቱ የሚታወቀው። ስለዚህ ሙከራው ተጭኖም ይደገም። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት ልክ ይሁን፤ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመታቸው ተለያይቶ ባለ አራት ጎማ ጕልበቱ ማርሽ ሲገባ፥ ማርሾቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉና።

የጎማ ዕድሜና የዘመን አቈጣጠር

አንድ ነገር ለአገራችን ገዥ በተለይ ሊነገረው ይገባል። በጎማው ጎን ዲ ኦ ቲ ከሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 1017 ማለት በ2017 ዓመት በ10ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ዓመት የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 2009 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው በእኛ የ2017 ዓ.ም. አዲስ ጎማ የገዛ መስሎት፥ በመጋዘን 8 ዓመት ያህል የከረመ ላስቲክ ይዞ ይሄዳል። በርካታ የጎማ ፋብሪካዎች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፥ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ እንዲወጣ ይመክራሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ቸርኬና ጎማ በችኮላ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ አስቀድሞ በበሩ ላይ ያለውን ልክ፥ የሸክሙን ቍጥር፥ የቡሎኑን ክብ፥ የመካከሉን ቀዳዳና የኢ ቲውን ቍጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ መልካም ነው። ሻጩ ከዚያ ወረቀት ጋር የሚስማማ ዕቃ ካለው ይግዙ፤ «ይህም ይሆናል» ያለ እንደ ሆነ ግን ገንዘብዎን በኪስዎ ይዘው ይመለሱ። ጠባብ ሆኖ ልኩ የሆነ ጎማ፥ ሰፊ ሆኖ ልኩ ካልሆነው ይልቅ ሰውንም ሸክምንም በደኅና ከቤት ያደርሳል።