ጳጉሜን የማያውቅ ኮድ፦ የማብቂያ ቀንን ስለ ማነጻጸር



የዛሬው ርእሴ አንድ የድረ ገጽ ፕሮግራም «ይህ ነገር ጊዜው አልፎበታል ወይስ አላለፈበትም?» ብሎ የሚወስንባት አንዲት የኮድ መስመር ናት። በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒቶቹን በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ይመዘግባል እንበል። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የታተመው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ መዝጋቢው ግን ቀንን የሚያስበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስሕተቱ የሚወለደው በዚህ መካከል ነው።

ጃቫስክሪፕት ቀንን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ቀን ማነጻጸር ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር ነው። መዝጋቢው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.ን «2017-13-05» ብሎ ቢያስገባ፣ ፕሮግራሙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ከቁጥር ይልቅ «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለውን ዋጋ ያገኛል። ከዚህ ዋጋ ጋር የሚደረግ «ያንሳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሉ መልሱ «አይደለም» ነው። እንግዲህ «የማብቂያው ቀን ከዛሬ ያንሳል ወይ?» ብለን ከጠየቅን፣ መድኃኒቱ ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም፣ ለዘለዓለምም አላለፈበትም ማለት ነው።

ዓመት፣ ወርና ቀን ለየብቻ ሲሰጡ ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ይሰወራል። ወሩ 13ኛ ሲሆን ቀኑ በዝምታ ወደ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ይሻገራል፤ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ደግሞ ማርች 2 ይሆናል። በአንጻሩ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳለ ቢገባ፣ ደኅናው መድኃኒት ከሰባት ዓመት በፊት እንዳለፈበት ተቆጥሮ ይጣላል። ይህኛው ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው ግን ሕመምተኛውን ይጎዳል።

ሰዓትም አለ። ቀን ብቻ የተጻፈበት «2025-09-10» የሚነበበው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሆኖ ነው፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እስከዚያ ቀን ማታ ሊያገለግል የሚገባው ነገር ገና ሳይነጋ ያልፍበታል።

ለተማሪዎቼ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀኑን በመግቢያው ላይ ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጡ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ነው። ልዩነቱ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ዓመት ስለሆነ በመደመር ብቻ አይፈታም። ለተጠቃሚው ሲታይ መልሳችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳዩት። ሁለተኛ፣ ከማነጻጸራችሁ በፊት ቀኑ ትክክለኛ መሆኑን ፈትሹ፤ የማይነበብ ቀን ያለው መድኃኒት ሰው እስኪያየው ይታገድ። ሦስተኛ፣ ገደቡን በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቀጥለው ቀን መጀመሪያ አድርጉት። ከዚያም ኮዱን በጥቅምት 30፣ በመስከረም 1 እና ጳጉሜን 6 ቀን በነበራት በ2015 ዓ.ም. ፈትኑት።

ያላወቀውን ቀን «ገና ነው» የሚል ኮድ ሊታመን አይገባውም።