አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

ባልና ሚስት ሲጋቡ ደስታንም ኀዘንንም፥ ጤናንም ሕመምንም አብረው ሊካፈሉ ይዋዋላሉ። ይሁን እንጂ በሠርጉ ቀን ስለ ሕመም የሚያስብ ሙሽራ ጥቂት ነው። ሕመሙ የጥቂት ቀን የሆነ እንደሆነ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዓመታት የቈጠረ እንደሆነ ግን ጠያቂው እየሣሣ ይሄድና ከአልጋው አጠገብ የትዳር ጓደኛ ብቻውን ይቀራል።

ለምሳሌ ኵላሊታቸው ሥራውን ያቆመባቸውን ሰዎች እንመልከት። በአገራችን ኵላሊትን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም፥ ዛሬም ብዙ ሕመምተኞች የሚኖሩት ደማቸውን በመሣሪያ በማሳጠብ ነው። እጥበቱም እንደ ደንቡ በሳምንት 3 ጊዜ፥ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ባልየው ቢታመም ሚስቲቱ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ መለመን፥ ጨውና ውሃውን መመጠን፥ ገንዘቡን መፈለግ፥ በልጆቿም ፊት ፈገግ ማለት ይጠበቅባታል።

በዚህ መካከል አንድ ቀን ብትቈጣ ወይም «ይህ ነገር መቼ ያበቃል?» የሚል ሐሳብ በልቧ ቢያልፍ፥ ወዲያው ራሷን እንደ ክፉ ሰው ትቈጥራለች። እኛ ግን ይህ የድካም ምልክት እንጂ የፍቅር መጕደል አይደለም እንላለን። ሞት ሳይመጣ የሚመጣ ኀዘን አለ፤ ይኸውም አብረው ሊኖሩት ያሰቡት ኑሮ ሲቀር የሚሰማ ኀዘን ነው። ለዚህ ኀዘን ድንኳን አይተከልም፥ ለቅሶ ደራሽም የለውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሕመምተኛው ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ ለአስታማሚውም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ አስታማሚ ድካሙን ለሚያምነው ሰው፥ ለወንድሙም ይሁን ለነፍስ አባቱ ወይም ለሐኪሙ ይንገር። ሁለተኛ፥ «ምን ልርዳ?» ለሚል ዘመድ «ምንም፥ እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት «ማክሰኞ አንተ ሐኪም ቤት አድርስልኝ» ማለት ይሻላል። ሦስተኛ፥ ሕመምተኛውን ከቤቱ ጉዳይ ማግለል አይገባም። ጉልበቱ ቢደክም ምክሩ አልደከመምና፥ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ቤቱ ወጪ ይጠየቅ። እርሱ ሸክም ብቻ አለመሆኑን ሲያውቅ ይጽናናል፤ እርሷም በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ባሏን ታያለች።

እናንተም ወጣቶች አንባቢዎቻችን፥ እድራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከሞት በኋላ መሆኑን አስቡ። ሚስቱ የታመመችበት የሥራ ጓደኛ ያላችሁ እንደሆነ፥ «እርሷስ እንዴት ነች?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ «አንተስ እንዴት ነህ?» ማለትን አትርሱ፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙት።