ማህፀን በአዋጅ ሲታዘዝ

ልጅ መውለድ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ይባላል። በእኛ ቤት ግን አማትም፣ አያትም፣ ጎረቤትም ያገባቸዋል፤ «አትደግሙም ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ? ጠያቂው መንግሥት ሲሆንና ጥያቄው ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ያዩ አገሮች አሉ፤ ደራሲዎቻቸው ጽፈውታል፣ ፊልም ሠሪዎቻቸውም ቀርጸውታል። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ በመሆኔ እነዚህን ሥራዎች ሳነብና ስመለከት ዓይኔ የሚያርፈው ነጭ ጋዋን በለበሰው ሰው ላይ ነው። አዋጅ በቢሮ ይፈረማል፤ የሚፈጸመው ግን በጤና ባለሙያ እጅ ነው።

«ውለዱ» የተባሉት

የሮማኒያ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡ ቁጥር እንዲጨምር ስለፈለጉ እ.ኤ.አ. በ1966 አዋጅ ቁጥር 770ን አወጡ። ፅንስ ማቋረጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ተከለከለ። የወሊድ መከላከያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ልጅ የሌላቸውም ተጨማሪ ግብር ይከፍሉ ነበር። በ1980ዎቹማ ሴት ሠራተኞች በሥራ ቦታቸው የማህፀን ምርመራ ይደረግባቸው ነበር፤ ለጤናቸው ታስቦ ሳይሆን ያረገዘችው ቶሎ እንድትታወቅ ነው።

በ1967 የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሴቶቹ ስውር መንገድ ፈለጉ፤ የሚወለዱት ሲቀንሱ የሚሞቱት እናቶች በዙ። አዋጁ በ1989 መጨረሻ እስኪሻር ድረስ 10 ሺህ ገደማ ሴቶች በድብቅ በሚደረግ ፅንስ ማቋረጥ እንደሞቱ ይገመታል። በተሻረ በዓመቱ የእናቶች ሞት መጠን በግማሽ ያህል ወረደ።

በ2007 በካን የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባ ሽልማት ያገኘው የክርስቲያን ሙንጂዩ ፊልም «አራት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ቀን» ይህን ዘመን ያሳያል። ጊዜው 1987 ነው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዷ አርግዛ፣ በሆቴል ክፍል ውስጥ በድብቅ የሚሠራ ሰው ይቀጥራሉ። እሱም መሄጃ እንደሌላቸው አውቆ ከገንዘብ ያለፈ ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ለልጆች የሚታይ ፊልም አይደለም። በሥራ ዘመኔ ደሟ እየፈሰሰ የመጣች ወጣት «ወድቄ ነው» ስትል ሰምቻለሁ፤ ለሐኪም እውነቱን መናገር መፍራት ከደም መፍሰሱ ባልተናነሰ ይገድላል።

«አትውለዱ» የተባሉት

ቻይና ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። ከ1980 እስከ 2015 ድረስ የአንድ ልጅ ፖሊሲ በሥራ ላይ ነበር። በ2012 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ሞ ያን «እንቁራሪት» በተባለው ልቦለዱ የአንዲት የገጠር አዋላጅ ታሪክ ይተርካል። ሴትዮዋ በወጣትነቷ በዘመናዊ መንገድ እያዋለደች እናቶችን ከልማድ አዋላጆች ጉዳት ታድናለች፤ አገሬው ይወዳታል። ፖሊሲው ሲመጣ ግን ያችው ሴት ነፍሰ ጡሮችን እያሳደደች ማስወረድ ትጀምራለች። የተራኪው ሚስት፣ ማለትም የገዛ ዘመዷ ሚስት፣ ሳትቀር በዚሁ ምክንያት ሕይወቷ ያልፋል። ጡረታ ስትወጣ የእንቁራሪቶች ጩኸት የሕፃናት ለቅሶ እየመሰለ ያስጨንቃታል።

ይህ ልቦለድ ብቻ ነው እንዳንል፣ ናንፉ ዋንግ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በ2019 ባቀረበችው ዘጋቢ ፊልም አንዲት አሮጊት አዋላጅ ትናገራለች። በራሷ ግምት ከ50 ሺህ እስከ 60 ሺህ የሚሆን የማምከንና የማስወረድ ሥራ ሠርታለች። አሁን የምትረዳው መውለድ ያቃታቸውን ብቻ ነው፤ በደሌን ባቃልል ብላ።

ወደ እኛ ስንመጣ

በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረበ ዘጋቢ ፕሮግራም ላይ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች፣ ጉዞ በሚጠባበቁበት ጊዜ በቂ ማብራሪያ ሳያገኙና ተጽዕኖ እየተደረገባቸው የሦስት ወር መርፌ እንደተሰጣቸው ተናገሩ። ባለሥልጣናቱ አስተባበሉ፤ በ2016 የወጣው የአገሪቱ ዋና ተቆጣጣሪ ሪፖርትም የማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ይሁን እንጂ የጤና ሚኒስቴሩ በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ ሴቲቱ የመርፌውን ውጤት መረዳቷ ካጠራጠረ ማዘዣው እንዳይታደስ ለሐኪሞች መመሪያ አስተላልፎ ነበር።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። መርፌው ክፉ አይደለም፤ በአገራችንም ብዙ እናቶች ፈቅደው የሚጠቀሙበት፣ አራርቆ ለመውለድ የረዳ መድኃኒት ነው። ልዩነቱ ያለው «ይህ እንዲህ ያደርጋል፤ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ተብላ በምትሰማው ቋንቋ በመጠየቋና ባለመጠየቋ ላይ ነው። ምክርና ትእዛዝ በአንድ መርፌ ሊሰጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ሴት ልጃችሁም ሆነች ምራታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አራት ነገር ጠይቂ በሏት፦ ይህ ምንድን ነው? ምን ያደርገኛል? ሌላ ምርጫ አለ? ባልፈልግስ? ደግ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። እኛ አያቶችም «አትደግሚም ወይ?» ማለታችንን እንቀንስ።

ቻይና ከ2021 ጀምሮ ሦስት ልጅ መውለድ ትፈቅዳለች፤ ትደጉማለችም። ወጣቶቹ ግን እየወለዱ አይደለም። የተዘጋው በትእዛዝ ነበር፤ የሚከፈተው ግን በትእዛዝ አልሆነም።