ከሸክላ ወደ ኮምፒዩተር፤ በአርሲ ነገሌና በአካባቢዋ ከተሞች ስለሚገኙ ሙዚቃ አጫዋቾች

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። የላንጋኖ፥ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ከእርሷ ሩቅ አይደሉም። በአረቄዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ስትሆን፥ የገበያ ከተማ እንደ መሆኗ መጠን ከአርሲው ኦሮሞ ጋራ አማራውም፥ ጉራጌውም፥ ሌላውም ይኖርባታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በሠርግ ቀን በአንድ ድንኳን ሲሰበሰብ፥ ለእያንዳንዱ ወገን ደስ የሚያሰኘውን ዘፈን በየተራው እየመረጠ የሚያሰማ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ዛሬ «ዲጄ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዲጄው መሣሪያ በምን መንገድ ከሸክላ ወደ ኮምፒዩተር እንደ ተለወጠ፥ ከለውጡም ጋራ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ጠፋ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞር የነበረው የጥንቱ ሰሌዳ ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ከእጅ ሲወድቅ እንደ ገል ይከሰከስ ነበር። አማርኛው «ሸክላ» ብሎ የሰየመው ስለዚህ ይመስለናል፤ የባዕዱና የአገሩ ቃል በድምፅ መቀራረባቸውም ስያሜውን ሳይረዳው አልቀረም። በኋላ ከቪኒል የተሠራው፥ በቀላሉ የማይሰበረው ሰሌዳ ሲመጣ ስሙ እንደ ነበረ ቀረ።

ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተጠበቀ በነበረበት ጊዜ፥ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1969 በገዛ ስሙ የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ ሬከርድስ» በሚል ስም በዚሁ ሥራ ተሠማራ። ሸክላው የሚታተመው በባሕር ማዶ ሲሆን፥ አብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፥ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዝ ነበር። በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም፥ የዘፈኑ ርእስና የሸክላው ቁጥር ይጻፍ ነበር። ይህ ትንሽ ወረቀት ኋላ የምንመለስበት ነገር ስለ ሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ አጠፋው፤ የሸክላውም ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በምትኩ የነገሠው ካሴት ነው። ካሴት በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በአገር ውስጥ ይቀዳል፤ መብራት ባልደረሰበት የገጠር ቀበሌ እንኳ ይሰማል። በየከተማው የተከፈተው «ሙዚቃ ቤት» ካሴት ይሸጥ፥ ደንበኛው በዝርዝር የመረጠውንም ዘፈን በባዶ ካሴት ይቀዳ ነበር። በእኛ አስተያየት የዛሬው የከተማ ዲጄ አባት ይህ ቀጂ እንጂ የሸክላ አዟሪው አይደለም።

የውጭው ዓለም ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አጫዋቹ ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፥ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ምቱን በእጁ ያስተካክል ነበር። ለዚህ ሥራ የተወደደው በ1972 የወጣው የጃፓኑ ቴክኒክስ ማጫወቻ ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህን የእጅ ጥበብ ላለማጣት ሲሉ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ የታየው ፋይናል ስክራች፥ በ2004ም የወጣው የኒውዚላንዱ ሴራቶ፥ ዘፈን የሌለበት ልዩ ሸክላ ይጠቀማሉ። በሴራቶው ሸክላ ላይ የተቀረጸው በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። እጅ ሸክላውን ሲያፈጥነው ድምፁ ይቀጥናል፥ ሲያዘገየው ይወፍራል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን እያነበበ በውስጡ የተከማቸውን ዘፈን በዚያው መጠን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ስለዚህ መሣሪያው ቢለወጥም እጁ አልተለወጠም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን በሸክላና በኮምፒዩተር መካከል አንድ የካሴት ትውልድ ገብቷል። ወጣቱ ዲጄ ላፕቶፑን፥ ሚክሰሩንና ሞንታርቦውን ይዞ ሲመጣ፥ ከአባቱ የወረሰው የሸክላ እጅ የለውም። በአንጻሩ የወረሰው ዕውቀት ሌላ ነው፤ ይኸውም የትኛው ወገን የትኛውን ዘፈን እንደሚወድ፥ ሙሽራ ሲገባ ምን እንደሚባል፥ ሽማግሌ ሲቀመጥ ምን እንደማይባል ማወቅ ነው። ከአርሲ ነገሌ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሻሸመኔ የሰፈሩት የጃማይካ ሰዎች አገር ልማድ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። በጃማይካ ሸክላ የሚመርጠው «ሰሌክተር» ሲባል፥ «ዲጄ» የሚባለው በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ነው። በእኛ ከተሞች ሁለቱም ሥራ በአንድ ሰው ላይ ወድቋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። የዲጄው ፕሮግራም ዘፈኑን መርምሮ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ይቈጥራል፤ ከዚያም አንድ አዝራር ሲጫኑ ሁለቱን ዘፈኖች ያጋጥማል። ይህ አቈጣጠር የተሠራው ምቱ አራት አራት እየሆነ ሳያፈገፍግ ለሚሄድ የፈረንጅ ዳንስ ነው። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት ንኡሳን ምቶች ያሉት ሆኖ፥ በሁለት ሦስት ሦስትም በሦስት ሁለት ሁለትም ሊቈጠር ይችላል። የጨፋሪው እግር በደቂቃ 80 ጊዜ ሲረግጥ ኮምፒዩተሩ 120 ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የሚቈጥሩት ነገር ተለያየ እንጂ። ዲጄው ቁጥሩን አምኖ አዝራሩን ቢጫን ግን ትከሻ የሚመታው ሰው ግራ ይጋባል። የሸክላው ዘመን ዘፈን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከበሮውን የመታው ሰው ስለ ሆነ፥ ዘፈኑ እየጋለ ሲሄድ ይፈጥናል። ስለዚህ አዝራሩ ከመጣ ወዲህ ጆሮ አያስፈልግም የሚሉት ሰዎች የአገራችንን ዘፈን የመረመሩ አይመስለንም።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ዘፈን የሚፈለገው በስሙ ነው። ኦሮምኛ ከ1991 ጀምሮ በቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ የኦሮምኛ ዘፈን ርእስ የታወቀ አጻጻፍ አለው፤ ቢፈልጉት ይገኛል። የአማርኛው ርእስ ግን ብዙ ጊዜ እንደ መጣ በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ትዝታ»ን አንዱ በ«ኢ»፥ ሌላው በ«ኤ» ሲጽፈው፥ አንዱ ዘፈን ሁለት ሦስት ሆኖ ይቈጠራል፤ ወይም ጨርሶ አይገኝም። ከካሴት የተገለበጠው ደግሞ ከነጭራሹ «ትራክ 1» ተብሎ ይቀራል። ያ በሸክላው መካከል የነበረው ክብ ወረቀት የተሸከመው ነገር የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዜማውን ማን እንደ ሠራው ለማያውቅ አጫዋች፥ ዜማው የማንም አይደለም። በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውንና የከዋኙን መብት ቢደነግግም፥ ስሙ የጠፋ ባለ መብት በየድንኳኑ ሊፈለግ አይችልም።

ሦስተኛውና እኛ ከሁሉ ይበልጥ የምናስብበት የአገላለበጡ ነገር ነው። ካሴት ማጫወቻው በጥቂቱ እንኳ ቢፈጥን ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፤ እንዲህ ሆኖ የተገለበጠው ፋይል ወደ ሌላ ሺህ ፍላሽ ሲተላለፍ፥ ቅኝቱን ለሚያጠና ተማሪ የሐሰት ምስክር ይሆናል። ቦታ ለመቈጠብ ሲባልም ድምፁ ይጨመቃል፤ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተጨመቀው ከሲዲው መጠን አንድ ዐሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ መጠን የአራት ደቂቃ ዘፈን አራት ሜጋ ባይት ገደማ ስለሚሆን፥ 8 ጊጋ ባይት የሚይዘው ትንሹ ሚሞሪ ወደ 2,000 ዘፈን ይችላል። ለዲጄው ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ በሣጥን የማይቻለው በኪስ ተቻለ።

ዳሩ ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ የሰከንድ ሥራ ሲሆን፥ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ካሴቱ የሚጫወትበትን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይፈልጋል። ሙዚቃ ቤቱ ለዚህ ጊዜ የሚከፍለው ሰው ስለሌለው ደንበኛ የጠየቀውን ብቻ ይገለብጣል። የሚጠየቀውም በአገሩ ሁሉ የታወቀው ዘፈን ነው። የታወቀውን ዘፈን ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ገልብጦታል። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 በአሜሪካ እንደገና በሸክላና በፋይል ታተመ። በአንጻሩ ለአንድ ወረዳ ብቻ የተቀዳ የአርሲ ዘፈን፥ የሚጠይቀው አርጅቶ ወይም ሞቶ ከሆነ፥ ጥብጣቡ በመደርደሪያው ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። የማኅበራችን ተማሪዎች ወደ እነዚህ ከተሞች ሲወርዱ አንድ ደህና ማጫወቻ፥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ደብተር ይዘው ቢሄዱ፥ ከካሴቱ ጋራ የልባሱን ጽሕፈት በፊደሉ እንዳለ ቢገለብጡ፥ የቀጂውንም ቃል ቢጽፉ ሥራው ሊጀመር ይችላል፤ ብዙዎቹ ቀጂዎች ገና በሕይወት አሉና።