መቅላት እምቢ ያለው ቲማቲም

ሞዴል ተክል የሚባለው፣ ተመራማሪዎች ስለ ብዙ ተክሎች ለማወቅ ሲሉ ደጋግመው የሚያጠኑት አንድ ተክል ነው። ከሁሉ በላይ የተጠናው ከጎመንና ከሰናፍጭ ቤተሰብ የሚመደበው አራቢዶፕሲስ የተባለ ትንሽ አረም ሲሆን፣ ዲኤንኤው እ.ኤ.አ. በ2000 ተነብቧል። የአራቢዶፕሲስ ፍሬ ግን ሲደርስ ይደርቅና ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል። ሥጋ ያለው ፍሬ እንዴት እንደሚወፍር፣ እንደሚቀላ፣ እንደሚለሰልስና እንደሚጣፍጥ ከእሱ መማር አይቻልም። ይህን ክፍተት የሞላው ቲማቲም ነው።

ቲማቲም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አበባው በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል ዝርያው ከትውልድ ትውልድ ሳይቀየጥ ይቆያል። ማዳቀል ሲፈለግም ያልፈካውን እምቡጥ በወረንጦ ከፍቶ ወንዴውን ክፍል መልቀምና የሌላውን ተክል ብናኝ መቀባት ይበቃል፤ ከአንዱ ፍሬ ብዙ ዘር ይገኛል። ለቤት ውስጥ ማሰሮ ታስቦ በፍሎሪዳ የተዳቀለውና በ1989 ይፋ የሆነው ማይክሮ ቶም የተባለው ድንክ ዝርያ ቁመቱ ከ20 ሳንቲሜትር እምብዛም አያልፍም፣ በሦስት ወር ገደማም የበሰለ ፍሬ ይሰጣል። የቲማቲም ክሮሞዞም 12 ጥንድ ነው። በ2012 የታተመው ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ 35,000 ያህል ጂኖች አሳይቷል። ድንች፣ በርበሬና ደበርጃንም የዚሁ ቤተሰብ አባላት፣ መሠረታዊ የክሮሞዞም ቁጥራቸውም 12 በመሆኑ፣ በቲማቲም ላይ የተገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ለእነሱም መንገድ ይጠርጋል።

ሌላው ትልቅ ሀብት የዱር ዘመዶቹ ናቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሪክ ዕድሜውን የፈጀው ከአንዲስ ተራሮችና ከጋላፓጎስ ደሴቶች የዱር ቲማቲም በመሰብሰብ ነው። የጋላፓጎሱ ዘር አልበቅል ብሎ ሲያስቸግረው ለደሴቶቹ ግዙፍ ኤሊዎች አበላው፤ በሆዳቸው አልፎ በኩሳቸው የወጣው ዘር በቀለ። የአንዳንዱ የዱር ቲማቲም ፍሬ ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም። ይህ ፍሬ እንዴት ጭብጥ የሚሞላ ሆነ የሚለውን ጥያቄ ተከትለው ተመራማሪዎች በ2000 አንድ ጂን ለይተው አወጡ። ይህ ጂን ብቻውን የፍሬውን ክብደት እስከ 30 በመቶ ይለውጣል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የሪን ታሪክ ነው። ሪን በተፈጥሮ ለውጥ የተገኘ ቲማቲም ነው፤ ሌሎቹ ሲቀሉ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ቀስ ብሎ እንደ ሎሚ ቢጫ ይሆናል። ለወራት ቢቀመጥም አይቀላም፣ አይለሰልስም። ፍሬ ሲበስል የሚወጣውን የኤትሊን ጋዝ እንደ ሌሎቹ አያመነጭም። ጥሬ ሙዝ ታፍኖ የሚበስለው በዚህ ጋዝ ነው፤ ሪን ግን ጋዙ ከውጭ ቢሰጠውም አይቀላም። ሌላም ምልክት አለው፦ በፍሬው አናት ላይ ያሉት አረንጓዴ ቅጠል መሳዮች ከመጠን በላይ ረጃጅም ናቸው።

በ2002 ለዚህ ምክንያት የሆነው ጂን ተገኘ። በሪን ቲማቲም ውስጥ ከዲኤንኤው ቁራጭ ጎድሎ ስለነበር፣ ጂኑ ከሌለ ፍሬ መብሰል አይጀምርም ተብሎ ተደመደመ። በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ የጤነኛውን ቲማቲም ጂን ሰበሩት። እስከዚያ በታመነው መሠረት ፍሬው ጨርሶ መብሰል አልነበረበትም፤ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ቀላ። የጎደለው ቁራጭ ለካ ሁለት ጎረቤት ጂኖችን ገጣጥሞ አንድ አድርጓቸው ነበር። ከተገጣጠመው ጂን የሚወጣው ፕሮቲን ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም፤ መብሰልን በንቃት ይከለክላል። ያንኑ የተገጣጠመ ጂን በሪን ቲማቲም ውስጥ ሲሰብሩት ፍሬው በከፊል መቅላት ጀመረ። ሁለተኛው ጎረቤት ጂን ደግሞ የአናቱን ቅጠል መሳዮች መጠን የሚቆጣጠር ነው፤ የረዘሙበት ምክንያትም በዚሁ ተፈታ። በጎደለ ጂንና ሥራው በተጣመመ ጂን መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ጥቂት ነው።

ከአንድ ወላጁ ሪንን፣ ከሌላው ጤነኛውን ጂን የወረሰ ዲቃላ ቲማቲም ይቀላል፣ ግን ዘግይቶ ይለሰልሳል። ሳይበላሹ ብዙ ቀን የሚቆዩ በርካታ የገበያ ዝርያዎች የተዳቀሉት በዚህ መንገድ ነው።

የቲማቲም፣ የድንችና የበርበሬ የዲኤንኤ ንባብ በኢንተርኔት በነፃ ተከፍቶ ይገኛል። የባዮሎጂ ወይም የግብርና ተማሪ የሪንን ጂን በቲማቲም ውስጥ ፈልጎ ከበርበሬው አቻ ጋር ለማስተያየት ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ይበቃዋል።