ባለ ብዙ ፕሮሰሰር ኮምፒውተር፦ ወረፋውን ማን ያስተናብራል?

በካኩማም ሆነ በዳዳብ የኮምፒውተር ትምህርት ችግሩ አንድ ነው፤ ማሽኑ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። አንዱ መፍትሔ አንድ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ለብዙ ስክሪን እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ታዲያ አንዱ ተማሪ ትልቅ ቪዲዮ መቀየር ሲጀምር የሌሎቹ ጽሑፍ ቀጥ ሊል ይችላል። “ይኼ ማሽን ባለ አራት ፕሮሰሰር ነው ተብሎ አልነበር እንዴ? ለምን ይንቀረፈፋል?” የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው።

መልሱ አጭር ነው። የፕሮሰሰር ብዛት ብቻውን ወረፋን አያጠፋም፤ ወረፋውን በደንብ የሚያስተናብር ያስፈልጋል። ያ አስተናባሪ እንዴት እንደሚሠራና እኛ እንዴት ልናዘው እንደምንችል እንመልከት።

ከኢምባካሲ እስከ ቦሌ

ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን የሚሳፈሩበት የናይሮቢ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት ስሙ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ነበር፤ በኋላ ነው በጆሞ ኬንያታ ስም የተሰየመው። ማኮብኮቢያው አንድ ነው። አንዱ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ነው፤ ሌሎቹ ተዘጋጅተው ተሰልፈዋል፤ የቀሩት ደግሞ ገና ሻንጣ ወይም መንገደኛ ይጠብቃሉ። “ቀጥሎ ማን?” የሚለውን የሚወስነው የመቆጣጠሪያ ማማው ነው።

ኮምፒውተር ውስጥም እንዲሁ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል። አንድ ፕሮሰስ ወይ ፕሮሰሰር ይዞ እየሠራ ነው፣ ወይ ዝግጁ ሆኖ ተሰልፏል፣ ወይ ደግሞ ከዲስክ፣ ከኔትወርክ ወይም ከኪቦርድ የሚመጣ ነገር ይጠብቃል። የማማውን ሥራ የሚሠራው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ስኬጁለር ይባላል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ማማው መነሳት የጀመረውን አውሮፕላን መሀል ላይ አውርዶ ሌላ አያስገባም። ስኬጁለሩ ግን ለአንዱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ሰጥቶ ያስቆመውና ተራውን ለሌላው ይሰጣል። ፍጥነቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚሠሩ ይመስለናል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ቦሌ እንሂድ። እዚያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉ። የማማው ጥያቄ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ “ቀጥሎ ማን?” ብቻ ሳይሆን “በየትኛው?” ጭምር። ባለ ብዙ ፕሮሰሰር ኮምፒውተርም ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው። ሊኑክስ ብዙ ፕሮሰሰር ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በ2.0 እትሙ ነው። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ሁለት ፕሮሰሰር የያዙት፣ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ የመጡት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ነው።

ክፍል መቀየር ለምን ያስቸግራል?

አንድ መምህር በትምህርቱ መሀል ወደ ሌላ ክፍል ተዛወር ቢባል ምን ይሆናል? ሰሌዳው ላይ የጻፈው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ክፍል ገብቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ፕሮሰሰርም ካሽ የሚባል ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ አለው። ፕሮሰሱ ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ሲዛወር እዚያ የሰበሰበውን መረጃ ቢያንስ በከፊል እንደገና መጫን ይኖርበታል። ስለዚህ ስኬጁለሩ በተቻለው መጠን ፕሮሰሱን በነበረበት ያቆየዋል፤ ሌላው ፕሮሰሰር ሥራ ፈት ሆኖ ሲያየው ግን ያዛውረዋል።

የመጀመሪያው መሣሪያ፦ ይሉኝታ

በሊኑክስ ናይስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሲጻፍ ኤን፣ አይ፣ ሲ፣ ኢ ነው። ቁጥሩ ከ-20 እስከ 19 ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም የሚጀምረው በ0 ነው። ይህን ቁጥር እንደ ይሉኝታ ቁጠሩት። 19 የተሰጠው ፕሮግራም “እናንተ ቅደሙ” እያለ ለሌሎች ይለቃል። ሌላ ፈላጊ ከሌለ ግን ፕሮሰሰሩን እንደልቡ ይጠቀማል፤ የሚባክን ነገር የለም። ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም ይሉኝታ መጨመር ይችላል፤ ከ0 በታች አውርዶ ከሰው ለመቅደም ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መሣሪያ፦ ቦታ መመደብ

ታስክሴት (ቲ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኬ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ) የሚባለው ትእዛዝ አንድ ፕሮግራም በየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ብቻ እንዲሠራ ይወስናል። ፕሮሰሰሮቹ የሚቆጠሩት ከ0 ጀምሮ ነው። ለእያንዳንዱም ዋጋ አለው፦

ፕሮሰሰር 0 = 1
ፕሮሰሰር 1 = 2
ፕሮሰሰር 2 = 4
ፕሮሰሰር 3 = 8

የምንፈልጋቸውን እንደምራለን። 0ን እና 2ን ከፈለግን 1 + 4 = 5 ነው። ድምሩ ከ9 ካለፈ በባለ 16 መሠረት የቁጥር ሥርዓት መጻፍ ስላለበት፣ ለጀማሪ የሚቀለው ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሿን ሲ ጽፎ፣ የፕሮሰሰሮቹን ቁጥር በኮማ ለይቶ፣ በመጨረሻ የፕሮግራሙን ስም ማስገባት ነው።

በዊንዶውስ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ፕሮግራሙን በቀኝ ክሊክ ስትነኩት ሴት ፕራዮሪቲ እና ሴት አፊኒቲ የሚሉትን ታገኛላችሁ። ሪልታይም የሚለውን ደረጃ ግን አትምረጡ፤ ማሽኑን ራሱን ሊያስቆመው ይችላል።

ጥንቃቄ

አንደኛ፣ አንድን ፕሮግራም ፕሮሰሰር 3 ላይ መመደብ ሌሎች እዚያ እንዳይገቡ አይከለክልም፤ የተከለከለው እሱ ራሱ ከዚያ እንዳይወጣ ነው። ሁለት ከባድ ፕሮግራሞች አንድ ቦታ ቢመደቡ ሦስቱ ፕሮሰሰሮች ቁጭ ብለው እነሱ ይጋፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ይሉኝታን ሞክሩ፤ ቦታ መመደብን ለልዩ ምክንያት አቆዩት።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ሥራ አይከፋፈልም። 60 ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ 20ው የማይከፋፈል ከሆነ፣ የቀረው 40 ለአራት ፕሮሰሰር ሲካፈል 10 ይሆናል። ድምሩ 30 ደቂቃ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራት እጥፍ ሆኖ ጊዜው በግማሽ ብቻ ቀነሰ።

ሦስተኛ፣ በ2007 ኢንጎ ሞልናር ለሊኑክስ የጻፈው ስኬጁለር ስሙ “ፍጹም ፍትሐዊ” የሚል ነበር፤ በ2023 የወጣው የ6.6 እትም በሌላ ዘዴ ተክቶታል። ይሁንና ሲስተሙ በተጠቃሚ እንዲያካፍል ካልተዘጋጀ ፍትሑ ለፕሮሰስ እንጂ ለተማሪ አይደለም። አሥር ከባድ ፕሮግራም የከፈተ ተማሪ አሥር ድርሻ፣ አንድ የከፈተው አንድ ድርሻ ያገኛል። ይህን ማስተካከል የመምህሩ ሥራ ነው። የቪዲዮውን ፕሮግራም በናይስ 19 ያስጀምር፤ ቪዲዮው ትንሽ ቢዘገይ ነው፤ የሚጽፉት ተማሪዎች ግን ሥራቸው አይቋረጥም።

ለክፍል ውይይት

1. ባለ አራት ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ፕሮሰሰር 1ን እና 3ን ለመምረጥ ድምሩ ስንት ይሆናል?
2. 100 ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ 60ው የማይከፋፈል ቢሆን፣ በአራት ፕሮሰሰር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?
3. በክፍላችሁ ኮምፒውተር ላይ ይሉኝታ ሊጨመርለት የሚገባው ፕሮግራም የትኛው ነው? ለምን?