አሮጌው የብረት ሰዓት ለምን ይወደዳል?

ሞባይል በየኪሱ ባለበት በአሁኑ ጊዜ አንዳንድ ወጣት የአባቱን አሮጌ የብረት ሰዓት ከሣጥን አውጥቶ ሲያስር እናያለን። «ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስካለፈው የማስተማር ልምምድ ድረስ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

በዚያ ልምምድ ስንት ደቂቃ እንደቀረኝ ለማየት ሞባይሌን ከኪሴ አወጣሁ። ወዲያው የልጆቹ ዓይን ሁሉ ከሰሌዳው ተነስቶ ስልኩ ላይ አረፈ። መልሼ እስክሰበስባቸው ደወሉ ተደወለ፤ ማጠቃለያውም ቀረ። በሰንበቱ መካነ ኢየሱስ አጎቴ ቤት ሄጄ ይህንኑ ባጫውታቸው ሳቁና ለዓመታት ያሰሩትን ሴይኮ 5 ከእጃቸው ፈትተው፣ «እንካ፣ ይኼ አይጮህም» ብለው ሰጡኝ።

ለመሆኑ ይህ ሰዓት በምን ይለያል? ሴይኮ 5 በጃፓን አገር በ1963 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ «ስፖርት» የተባለው ዓይነት በ1968 እ.ኤ.አ. ተከተለ። «5» መባሉ አምስት ነገሮችን በማሟላቱ ነው። እነሱም በራሱ መሞላቱ፣ ዕለትና ቀንን በአንድ መስኮት ማሳየቱ፣ ውሃ መቋቋሙ፣ መጠምዘዣው 4 ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ መቀመጡ፣ እንዲሁም የአካሉና የሰንሰለቱ ጥንካሬ ናቸው።

ይህ ሰዓት ባትሪ የለውም። በውስጡ ግማሽ ክብ የሆነ ከበድ ያለ ብረት አለ። እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ብረቱ እየዞረ ሞላውን ይጠመጥማል፤ ሞላው ደግሞ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል። በደንብ ከተሞላ በኋላ ከእጅ ቢወልቅ እንኳ ወደ 40 ሰዓት ገደማ ይሠራል።

እኛን የሚመለከት ታሪክም አለው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ የኦሊምፒኩ ሰዓት ያዥ ይኸው ሴይኮ ነበር።

እርግጥ ጉድለት አያጣም። በቀን ጥቂት ሰከንዶች ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ቀን መቁጠሪያው እስከ 31 ሲሄድ የእኛ ወር ግን 30 ስለሆነ፣ በየወሩ በእጅ ወደ 1 ማሻገር ግድ ነው። ጳጉሜንማ 5 ወይም 6 ብላ ስታበቃ ብዙ ያስጠመዝዛል!

ሆኖም ሲበላሽ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ያጥበዋል፣ ያድሰዋል። በዚህም የተነሳ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አንድ ጊዜ ወደ እጅ ዝቅ ብሎ ማየት ይበቃል፣ ተማሪውም ልብ አይለውም። በሚቀጥለው ትምህርቴ ለማጠቃለያ 5 ደቂቃ ተርፎኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት ካለ ለልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት አንስታችሁ ወዝወዝ አድርጉት!